ደሴ፦ በሊኑክስ ጌትዌይ የሚደውል የዩኤስቢ ሞደም ይጎተታል፤ ከየት ልጀምር?

ቧንቧውሃ_27

ሰላም ጀመዓ። ሰፈሩ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን 12 ጭኜ የቤቱ ጌትዌይ (ኢንተርኔቱ ወደ ቤቱ የሚገባበት ማሽን) አድርጌዋለሁ። የ4ጂ ዩኤስቢ ሞደም ከማሽኑ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ተሰክቷል። ፒፒፒዲ (የሚደውለው ፕሮግራም) *99# ብሎ ይደውላል፣ ፒፒፒ0 (የኢንተርኔት መስመሩ በሊኑክስ ውስጥ ያለው ስም) ይነሳል፣ ከዚያ በኔትወርክ ካርዱ ወደ ዋይፋይ ማከፋፈያው ይወጣል። ተጠቃሚው 4 ስልክና 2 ላፕቶፕ ነው።

የማየው ይህን ነው። ያው ሞደም ከነሲሙ ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ከሰዓት በኋላ 6 ሜጋቢት በሰከንድ ያወርዳል። በጌትዌዩ በኩል ሲሆን ከ0.7 እስከ 1.2 ነው። ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ 5 ሰከንድ ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱ ገጽ ግን ርዕሱን አሳይቶ ይቆማል፣ አይጨርስም። አንድ ሰው በቴሌግራም ቪዲዮ ሲልክ የሁሉም ሰው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ፒንግ (ጥያቄ ሄዶ መልሱ የሚመጣበት ጊዜ) ከ60 ወደ 2,800 ሚሊሰከንድ ይዘላል። በቀን እስከ 10 ጊዜ ይቋረጥና እንደገና ይደውላል። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ደግሞ ሁሉም ይብሳል።

እስካሁን የፒፒፒዲን ፍጥነት ከ115200 ወደ 921600 ከፍ አድርጌያለሁ፣ ለውጥ የለም። ፋየርዎሉ ላይ ለጥበቃ ብዬ ከፒንግ መልስ በቀር አይሲኤምፒን (ማሽኖች ስለ መስመሩ ችግር የሚላላኩትን መልእክት) በሙሉ ዘግቻለሁ። ሞደሙን ልቀይር ወይስ ማሽኑን? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምከሩኝ።

ቦርከና

አብሽር ወንድም ዓለም፣ ምንም አትግዛ። ላፕቶፑ ላይ 6 ሜጋቢት ያመጣ ሞደም አልሞተም።

የዘረዘርካቸው ነገሮች የአንድ በሽታ ምልክቶች አይመስሉኝም። 5 ሰከንድ ዝም ማለቱ ሌላ፣ ግማሽ ላይ የሚቆመው ገጽ ሌላ፣ ቪዲዮ ሲላክ ቤቱ መቆሙ ሌላ፣ መቋረጡም ሌላ ነው። አንድ ላይ ስትነካካቸው የትኛው መድኃኒት እንደሠራ አታውቅም። አንድ ነገር ቀይር፣ ለካ፣ ጻፍ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ስትለካም ከጌትዌዩ በኬብል በተያያዘ ላፕቶፕ ይሁን፤ ዋይፋዩ የራሱን ጣጣ እንዳይጨምርብህ።

ከመቋረጡ ጀምር። መስመሩ በየሰዓቱ እየወደቀ የሚለካ ፍጥነት ምንም አይነግርህም። (ትዕዛዞቹን በእኛ ፊደል ነው የምጽፍልህ፤ ስትተይብ ወደ ላቲን ሆሄ መልሳቸው።) ጌትዌዩ ላይ «ዲሜሴጅ -ቲ» በል፣ ቲዋ ትልቋ ናት። መስመሩ በወደቀበት ደቂቃ «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» የሚል ካገኘህ ሞደሙ ከማሽኑ ጋር ነው የተቆራረጠው፤ ኔትወርኩ ንጹሕ ነው። ከአጠገቡ ስህተት -71 ካለ ኬብልና ኤሌክትሪክ ተጠርጣሪ ናቸው። -110 ከሆነ ማሽኑ ጠርቶት ሞደሙ በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው።

የፊት ቀዳዳ ላይ መሰካትህን አልወደድኩትም። ያ ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን የውስጥ ሽቦ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ሶኬቱም ይላላል። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው። ሞደም ሲግናል ሲርቅበት ለታወሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያስተላልፍ የሚስበው ኃይል የሚጨምረው በዚያው ሰዓት ነው። ቮልቴጁ ለአፍታ ሲወርድበት ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሳል፤ አንተ የምታየው «ተቋረጠ» የሚለውን ብቻ ነው። ወደ ኋላው ቀዳዳ አዙረው። ካልበቃ የራሱ 5 ቮልት 2 አምፒር አዳፕተር ያለው ዩኤስቢ ሀብ ይፈታዋል። ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ ከሆነ ሀቡንም ዩፒኤሱ ላይ አድርገው፣ አለበለዚያ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሞደሙ ብቻውን ይወድቃል።

ማሽኑ ሰማያዊ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ካለው ሞደሙን ከእሱም አርቀው። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያመላልስ የሚረጨው የሬዲዮ ጫጫታ እስከ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚደርስ አጠገቡ ያለን ሞደም ጆሮ ያደነቁራል። በተለይ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አጠገቡ ከተሰካ።

ሁለት የሶፍትዌር ነገሮች ልጨምርልህ። አንደኛ፣ ሞደምማኔጀር (ሞደምን በራሱ የሚያስተዳድር ፕሮግራም) እየሠራ እንደሆነ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ሞደምማኔጀር» ብለህ እይ። አንተ በፒፒፒዲ በእጅህ እየደወልክ እሱም ያንኑ ቀዳዳ እየነካካ ከሆነ ይጣላሉ። «ዲሴብል --ናው» ብለህ አቁመው። ሁለተኛ፣ ሊኑክስ ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃ እንዳያስተኛ የከርነል መነሻ መስመር ላይ «ዩኤስቢኮር.ኦቶሰስፔንድ=-1» ጨምር።

115200 ይሁን 921600 ለዩኤስቢ ሞደም ለውጥ የለውም። ያ ቁጥር የጥንቱ የሲሪያል ሽቦ ዘመን ነው፤ ያኔ በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ሽቦ እውነተኛ የፍጥነት ገደብ ነበረው። እዚህ መንገዱ ዩኤስቢ ነው፣ ቁጥሩ ለፎርማሊቲ ነው የሚላከው። እንደነበረ ተወው።

ሐይቅዳር

ቦርከና መቋረጡን ስለወሰደልኝ እኔ በ5 ሰከንዱና በቆመው ገጽ ላይ ልምጣ።

ልክ 5 ሰከንድ ዝም ካለ በኋላ ሁሉም ነገር በደህና ከመጣ መስመሩን አትጠርጥር፣ የስም ጥያቄውን (ዲኤንኤስን፣ የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚለውጠውን) ጠርጥር። የሊኑክስ ስም ፈላጊ «ሪዞልቭ.ኮንፍ» ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ ዲኤንኤስ ሰርቨር ጠይቆ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ሲያጣ ነው ወደ ሁለተኛው የሚሄደው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሞተ አድራሻ ተቀምጦብሃል ብዬ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከድሮ ግንኙነት የቀረ ነው። ፋይሉን ከፍተህ እያንዳንዱን አድራሻ ለየብቻው በ«ዲግ» ጠይቀው፣ ከታች «ኩዌሪ ታይም» የሚለውን አንብብ። ከ100 ሚሊሰከንድ በታች የሚመልሰውን ያዝ፣ የማይመልሰውን አጥፋው።

መፍትሔው ጌትዌዩ ላይ ዲኤንኤስማስክ (የተጠየቁ ስሞችን የሚያስታውስ ፕሮግራም) መጫን ነው። ፒፒፒዲ ላይ «ዩዝፒርዲኤንኤስ» ካለ፣ በደወለ ቁጥር አቅራቢው የሰጠውን አድራሻ «/ኢቲሲ/ፒፒፒ/ሪዞልቭ.ኮንፍ» ውስጥ ያስቀምጣል። ዲኤንኤስማስክን «ሪዞልቭ-ፋይል» በሚለው መስመር ወደዚያ ፋይል አመልክተው። ስልኮቹና ላፕቶፖቹ ደግሞ ጌትዌዩን ብቻ ይጠይቁ። የማስታወሻው መጠን ሲነሳ 150 ስም ነው፤ «ካሽ-ሳይዝ» ብለህ 1000 አድርገው፣ ሜሞሪው ላይ ጫና የለውም። አንድ ስልክ የጠየቀውን ስም ሌላው ሲጠይቅ ከቤት ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ ይመለስለታል።

አሁን ግማሽ ላይ ወደሚቆመው ገጽ። ይህ የፓኬት ልክ ጉዳይ ነው፤ አይሲኤምፒን መዝጋትህም ያባብሰዋል። ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ነገሩ ካልገባ ሌላ ቦታ ይደገማል።

የቤትህ ኬብል በአንድ ፓኬት 1500 ባይት ያሳልፋል። በአየር ያለው መስመር ግን ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ያለ ማሽን የማያልፍለት ትልቅ ፓኬት ሲደርሰው ጥሎት ለላኪው «ትልቅ ነው፣ አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ይመልሳል። ያ መልእክት አይሲኤምፒ ነው፣ ዓይነት 3 ኮድ 4። አንተ በኩል ተዘግቷል፣ ከውጭም መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ላኪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፣ ደግሞ ደጋግሞ ይጣላል። ርዕሱ በትንሽ ፓኬት ስለሚመጣ ይታያል፣ የገጹ አካል በትልቁ ስለሆነ ይቀራል። ሞደሙ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ይህ ያልታየው ላፕቶፑ ራሱ የመስመሩን ልክ አውቆ ገና ከጅምሩ በትንሹ ስለሚደራደር ነው።

ልኩን እንዲህ አግኝ። ከጌትዌዩ «ፒንግ -ኤም ዱ -ኤስ 1472 8.8.8.8» በል፤ ኤሟ ትልቋ ናት። 1472 ሲደመር 28 የራስጌ ባይት 1500 ይሆናል። ካላለፈ 1432፣ 1412፣ 1372 እያልክ ውረድ። የሚያልፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ስትጨምር የመስመርህ ኤምቲዩ (የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ይወጣል። 1372 ላይ ካለፈ 1400 ነው። ያንን የፒፒፒዲ ፋይል ላይ «ኤምቲዩ 1400» (ለመላክ) እና «ኤምአርዩ 1400» (ለመቀበል) ብለህ ጻፈው።

ከዚያ ፋየርዎሉ በእርሱ በኩል የሚያልፍን የቲሲፒ ድርድር ሁሉ ወደዚያ ልክ እንዲያወርድ አድርግ። በአይፒቴብልስ ከሆነ የማንግል ሠንጠረዥ፣ የፎርዋርድ ሰንሰለት ላይ፣ የ«ሲን» ምልክት ላለበት ፓኬት «ቲሲፒኤምኤስኤስ --ክላምፕ-ኤምኤስኤስ-ቱ-ፒኤምቲዩ»። በኤንኤፍቴብልስ ከሆነ ፎርዋርዱ ላይ «ቲሲፒ ፍላግስ ሲን ቲሲፒ ኦፕሽን ማክስሴግ ሳይዝ ሴት አርቲ ኤምቲዩ» ብለህ በአንድ መስመር ይጨረሳል። አይሲኤምፒውንም ክፈተው። ፒንግ መጥለቅለቅ ካሳሰበህ የኤኮ ጥያቄውን ብቻ በሰከንድ 5 ገድብ፤ ዓይነት 3 እና ዓይነት 11 ግን ምንጊዜም ይለፉ።

ጦሳ_ማዶ

ቦርከናን በአንድ ነገር ልቃወመው። «ላፕቶፑ ላይ 6 ካመጣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው» የሚለው የሚያዋጣው ሁለቱም ልኬት እዚያው ቦታ ላይ ከተወሰደ ነው። ቧንቧውሃ፣ ላፕቶፑን የት ቁጭ ብለህ ነው የለካኸው? በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር ከሆነ፣ ጌትዌዩ ደግሞ ከጠረጴዛ ሥር ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ፣ ያነጻጸርከው ሁለት አየር ነው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሲግናሉ ከገደሉ እየተንጸባረቀ ነው የሚመጣው፣ የቆርቆሮው ጣሪያና የብሎኬቱ ግድግዳ ደግሞ አለ። አንድ ክንድ መነቃነቅ ብዙ ይለውጣል። የሞገዱ ርዝመት በ1800 ሜጋኸርዝ 17 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የዚያ ግማሽ ሲሆን ደካማና ጠንካራ ነጥብ ይፈራረቃሉ።

የስልክ ላይ «ዘንግ» አትመን። ሞደሙን ራሱን ጠይቀው። ብዙዎቹ ሞደሞች ከአንድ በላይ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ በቲቲዋይዩኤስቢ0 እየደወልክ በሌላው፣ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2፣ ትዕዛዝ መላክ ትችላለህ። ፒኮኮም ጫንና ክፈተው። «ኤቲ+ሲኤስኪው» ከ0 እስከ 31 ቁጥር ይመልሳል። በ2 አባዝተህ ከ113 ቀንስና መቀነሻ ምልክት አድርግበት፣ ዴሲቤል ሚሊዋት ነው፤ 15 ማለት -83። 99 ከመጣ አላወቀም ማለት ነው። ይህ ግን ጥንካሬውን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ጥራቱን አይነግርህም። ሁዋዌ ከሆነ «ኤቲ^ኤችሲኤስኪው?» በል። በ4ጂ ላይ አራት ቁጥር ይሰጥሃል። ሁለተኛው አርኤስአርፒ (የሲግናሉ ጥንካሬ) ነው፣ 141 ቀንስበት። ሦስተኛው ሲኔር (ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ) ነው፣ በ0.2 አባዝተህ 20 ቀንስበት።

እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ አርኤስአርፒ ከ-90 በላይ ሸጋ ነው፣ እስከ -105 ይሠራል፣ ከ-110 በታች ሥቃይ ነው። ሲኔር ከ13 በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ5 በታች ደካማ፣ ከ0 በታች ከሆነ ጫጫታው ከወሬው በልጧል። ሁለቱ ከተጣሉብህ ሲኔርን ስማ። ገደል እያስተጋባ በሚያመጣው ከተማ ውስጥ ጠንካራ ግን የተዘበራረቀ ሲግናል ማግኘት የተለመደ ነው፤ አራት ዘንግ እያሳየ የማይንቀሳቀሰው ስልክ እሱ ነው።

አንድ ቦታ ላይ 2 ደቂቃ አቆየው፣ ሦስት ጊዜ አንብብ፣ ጻፍ፣ በ10 ሳንቲሜትር አነቃንቀህ ድገም። ጥሩውን ነጥብ ስታገኝ ሞደሙን በዩኤስቢ ማራዘሚያ ወደዚያ አውጣው። ማራዘሚያው ከ3 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ የዩኤስቢ 2 ገደብ 5 ሜትር ነው፣ ርካሹ ኬብል ግን ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይበላዋል፤ ቦርከና ወዳለው መቋረጥ ይመልስሃል። ሀቡን ከኬብሉ ጫፍ፣ ከሞደሙ አጠገብ ብታደርገው የበለጠ ነው።

ውጫዊ አንቴና ለመግዛት አትቸኩል። ከገዛህም ሞደሙ ሁለት የአንቴና ቀዳዳ ካለው ሁለቱንም ሙላ። ቀጭን የአንቴና ኬብል በሜትር 1 ዴሲቤል ገደማ ያጠፋል፤ 10 ሜትር ስትዘረጋ አንቴናው የጨመረልህን ኬብሉ ይወስደዋል። ዩኤስቢውን አስረዝም፣ የአንቴናውን አሳጥር። ዘንግ ላይ ከሰቀልከው ደግሞ ዘንጉን ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ አያይዘው፤ የክረምቱን መብረቅ ታውቀዋለህ።

ዝናብን የሚከሱ አሉ። በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ዝናቡ ራሱ ሲግናሉን አይበላውም። በመንገዱ ላይ ያለ የረጠበ ባሕር ዛፍ ግን ይበላዋል፣ ዝናብ ሲሆንም ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይከፍታል።

ኮምቦልቻ_ታች

ቪዲዮ ሲላክ ቤቱ የሚቆመው ነገር ላይ ማንም አልነካም። ለእኔ ከሁሉ የሚያናድደው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት ሳይጨመር የሚድን ነው።

ሞደሙ ውስጥ ጎተራ አለ። ወደ ላይ የሚሄደው መስመር በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ አንድ 1500 ባይት ፓኬት ለመውጣት 12 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ስልኩ ቪዲዮውን ሲገፋ ጎተራው ውስጥ ለምሳሌ 230 ፓኬት ከተከመረ ቀጥሎ የመጣው ፓኬት 2.8 ሰከንድ ወረፋ ይጠብቃል። አንተ ያየኸው 2,800 ሚሊሰከንድ ይኸው ነው። ማውረዱም አብሮ የሚሞተው ለሚወርደው ዳታ የሚላከው «ደርሶኛል» የሚለው ትንሽ ፓኬት ከዚያው ክምር ኋላ ስለሚሰለፍ ነው።

መድኃኒቱ ወረፋውን ከሞደሙ ነጥቀህ ጌትዌዩ ላይ ማድረግ ነው። ዴቢያን 12 ላይ «ኬክ» የሚባለው የወረፋ አስተናባሪ ከከርነሉ ጋር አለ። በምሽቱ የለካኸውን የመላኪያ ፍጥነት 85 በመቶ ወስደህ ስጠው። 1000 ኪሎቢት ከሆነ፦ «ቲሲ ኪውዲስክ ሪፕሌስ ዴቭ ፒፒፒ0 ሩት ኬክ ባንድዊድዝ 850ኬቢት ናት ዱዋል-ስርሲሆስት»። «ናት» የምትለዋን አትርሳት። ፒፒፒ0 ላይ ፓኬቱ ሲደርስ የሁሉም ስልክ አድራሻ በማስኬሬድ (ሁሉንም በአንድ አድራሻ በሚያወጣው የፋየርዎል ሥራ) አንድ ሆኗል፤ እሷ ከሌለች ኬክ የማን እንደሆነ ለይቶ በእኩል ማካፈል አይችልም።

ለማውረዱ ደግሞ ወደ ዋይፋዩ በሚወጣው ካርድ ላይ ሌላ ኬክ አስቀምጥ፣ ከማውረጃው 85 በመቶ፣ «ዱዋል-ዲኤስቲሆስት» ብለህ። እዚያ አድራሻዎቹ የቤት ስለሆኑ «ናት» አያስፈልግም። ጉዳቱ ከጌትዌዩ ራሱ ፋይል ስትቀዳም በዚያው ልክ መገደቡ ነው። ጌትዌዩ ላይ ፊልም ካላስቀመጥክ አይሰማህም።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ግን እዚህ ነው። ፒፒፒ0 ሲቋረጥ ይጠፋል፣ ሲደውል አዲስ ይወለዳል፤ የሰጠኸው ኬክ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ትዕዛዙን «/ኢቲሲ/ፒፒፒ/አይፒ-አፕ.ዲ» ማህደር ውስጥ በስክሪፕት አስቀምጠው፣ «ሲኤችሞድ 755» አድርገው፣ ስሙንም ነጥብ የሌለበት አድርገው። «ኬክ-ወረፋ» ይሠራል፣ መጨረሻው ላይ «.ኤስኤች» ካለበት ዴቢያን ምንም ስህተት ሳይነግርህ ይዘለዋል። የስም ደንቡ ነው።

ማን እንደሚጎትት ለማየት «አይኤፍቶፕ -አይ» በውስጠኛው ካርድ ስም። የስልኮቹ የፎቶ መጠባበቂያ፣ የቴሌግራም በራሱ ማውረድ፣ የላፕቶፑ ዝማኔ፣ ሦስቱን ስታጠፋ ቤቱ ይቀልለታል።

ወልድያ_04

ስኩዊድ ለምን አይጭንም? አንድ ጊዜ የወረደ ገጽ ለሁሉም ይደርሳል።

ኮምቦልቻ_ታች

ወንድሜ፣ ያ ገጹ ሁሉ ያለ ምስጠራ በሚመጣበት ጊዜ ነበር። አሁን አብዛኛው ተመሥጥሮ ስለሚያልፍ ስኩዊድ ውስጡን አያይም፣ ሊያስቀምጠውም አይችልም። አሮጌ ማሽን ላይ መጫኑ ትርፉ ድካም ነው። አፕት-ካሸር-ኤንጂ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ ላፕቶፖች ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሆኑ የአንዱ ዝማኔ ለሌላው ይቀመጥለታል።

ቧንቧውሃ_27

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ በአንድ ሄድኩበት፣ ውጤቱ ይኸው።

ጦሳ_ማዶ ልክ ነህ፣ ላፕቶፑ የተለካው በረንዳ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ኤችሲኤስኪው ላይ ሁለተኛው 32፣ ሦስተኛው 106 ነበር። በረንዳው ላይ 47 እና 161።

ዲሜሴጅ ላይ ከ9 መቋረጥ 7ቱ የዩኤስቢ ናቸው፣ ስህተት -71። ሪዞልቭ.ኮንፍ የመጀመሪያ መስመር ላይ የማይመልስ አድራሻ ተገኘ። ፒንጉ 1372 ላይ አለፈ።

3 ሜትር ማራዘሚያ ከአዳፕተር ሀብ ጋር፣ ዲኤንኤስማስክ፣ ኤምቲዩ 1400 ከክላምፑ ጋር፣ ኬክ በሁለቱም በኩል። አሁን ከሰዓት በኋላ በጌትዌዩ በኩል 5.1 ሜጋቢት፤ ቪዲዮ እየተላከ ፒንግ ከ90 አይበልጥም። በ2 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ተቋረጠ፣ ሁለቱም ጊዜ ዲሜሴጅ ባዶ ነው። ምሽት ላይ ግን አሁንም ወደ 1.5 ይወርዳል። ቁጥሩ ያኔ 47 እና 118 ነው።

ጦሳ_ማዶ

ቁጥሮችህ ራሳቸው ይናገራሉ። ጠረጴዛው ሥር -109 እና 1.2 ነበር፣ በረንዳው -94 እና 12.2። ምሽት ላይ አርኤስአርፒው እዚያው -94 ላይ ቆሞ ሲኔሩ ብቻ ወደ 3.6 ወርዷል። ታወሩ አልራቀም፣ ሞደምህም አልደከመም፤ በዙሪያው ያሉት ታወሮች ሥራ ሲበዛባቸው አንዱ የሌላው ጫጫታ ይሆናል፣ ያለው አየር ደግሞ ለብዙ ሰው ይካፈላል። ይህን ጌትዌይህ ላይ የምትጽፈው መስመር አያድነውም። ሌላ ግድግዳ ላይ፣ ለሌላ ታወር በሚታይ አቅጣጫ በምሽት ሰዓት ድጋሚ ለካ። ቀን ላይ ደከም ያለ፣ ምሽት ላይ ግን ሲኔሩ ከ8 የማይወርድ ነጥብ ካገኘህ እሱን ምረጥ።

ቦርከና

የቀሩት ሁለት መቋረጦች ዲሜሴጅ ላይ ከሌሉ የፒፒፒዲን ሎግ እይ። ለ«ኤልሲፒ ኤኮ» (መስመሩ አለ ወይ ብሎ በየጊዜው ለሚልከው ጥያቄ) መልስ አጣሁ ብሎ ራሱ የዘጋው ከሆነ ሞደሙ ለዚያ ጥያቄ አንዳንዴ አይመልስም ማለት ነው፤ «ኤልሲፒ-ኤኮ-ፌይለር» ላይ ቁጥሩን ወደ 10 ከፍ አድርግ። «ፐርሲስት» እና «ማክስፌይል 0» ካሉበት መስመሩ በእውነት ሲወድቅም ሳይታክት መልሶ ይደውላል።

ሁዋዌ ስለሆነ ፒፒፒውን ትተህ በኤንሲኤም (ሞደሙ እንደ ኔትወርክ ካርድ በሚታይበት መንገድ) መገናኘትም ትችላለህ፤ «ኤቲ^ኤንዲአይኤስዲዩፒ=1,1» ከኤፒኤን ስሙ ጋር፣ ከዚያ ደብሊውዋን0 ላይ ዲኤችሲፒ። ለ5 ሜጋቢት ግን ፒፒፒ ማነቆ አይደለም፣ አትቸኩልበት። ስትቀይር የኬክህን ስክሪፕት ከአይፒ-አፕ አውጥተህ ወደ አዲሱ ካርድ ማዛወርህን ብቻ አስታውስ።

ትልልቁን ማውረድ ወደ ሌሊት ግፋው። የአፕት ዝማኔውን ክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ላይ ስታስገባ ሰዓቱን ተጠንቀቅ፤ ክሮን የሚያውቀው የማሽኑን 24 ሰዓት ነው። የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለእሱ 3 ነው። 9 ብለህ ከጻፍክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሥራ በጀመረበት ጊዜ ያወርድልሃል።

ቧንቧውሃ_27

እሽ፣ ሎጉ ላይ ሁለቱም የኤልሲፒ ኤኮ ናቸው፤ ወደ 10 አድርጌዋለሁ። የምሽቱን ልኬት በምዕራቡ መስኮት በኩል ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሬ እወስዳለሁ፣ ቁጥሮቹን እዚሁ አስቀምጣለሁ።